ጎረቤት ፎቅ ሲያወጣና ፀሐይ ሲጋረድ፦ ከሜትር እስከ ፍርድ ቤት

ጅማ ውስጥ የቤት ንድፍ እሠራለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ ግን ስለ ንድፍ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። «ጎረቤቴ ፎቅ እያወጣ ነው፤ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ጓሮዬ ጨለመ፤ ምን ላድርግ?» ይለኛል። ሄርማታም ሆነ ቆቺ፣ ጅሬን መውጫም ሆነ መርካቶ አካባቢ ጥያቄው አንድ ነው። በቃል መደጋገሙ ስላደከመኝ በተራ ጽፌዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ጥላ ብቻውን ደካማ ክስ ነው። በከተማው ግንባታ ፈቃድ ክፍል ያለው ባለሙያ የሚመዝነው ፈቃድን፣ የፎቅ ብዛትንና ከወሰን የተተወውን ርቀት ነው። «ፀሐዬን ወሰደብኝ» የሚለው ምሬትዎ በሜትርና በቀን ካልተነገረ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመለኪያ ሜትር (ባለ 5 ሜትሩ ይበቃል፤ ባለ 30 ከተገኘ ይሻላል)
- ልክ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ በትር፤ የመጥረጊያ እጀታ ይሆናል
- ቱምቢ (ግንበኞች ቀጥታን የሚፈትሹበት በክር የተንጠለጠለ ክብደት)፤ ከሌለ በሲባጎ ላይ የታሰረ ድንጋይ
- ኖራ ወይም ከሰል፣ ለምልክት
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ እና አንድ ደብተር
- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎ ቅጂ እና መታወቂያ
- ከሁለታችሁም ጋር ጠብ የሌላቸው ሁለት ሰዎች

ደረጃ 1። ቀኑን ይመዝግቡ

ቁፋሮ ወይም ድንጋይ ማራገፍ በጀመሩበት ዕለት ደብተሩን ይክፈቱና ቀኑንና ሥራው የደረሰበትን ይጻፉ፦ መሠረት፣ ኮለን (ምሰሶ)፣ ሶሌታ (የፎቁ ወለል የሚሆን የኮንክሪት ሙሌት)፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ። ከዚያ በየሦስት ቀኑ ከአንድ ቦታ ላይ ሆነው ፎቶ ያንሱ። የሚቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ያድርጉበት፤ ፎቶው ውስጥም የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የእርስዎ ቤት ጥግ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ ይግባ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ በኋላ «ይህ ግድግዳ ድሮም ነበረ» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ተከታታይ ፎቶ ይዘጋዋል። ሁለተኛው፣ ከታች እንደሚያዩት ሕጉ ራሱ ቀን ይቆጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶ ከራስዎ ግቢ ሆነው ብቻ ያንሱ። የጎረቤትን አጥር ተሻግሮ ወይም መወጣጫው ላይ ወጥቶ ማንሳት ጉዳትም ያመጣል፣ ተከሳሽም ያደርጋል።

ደረጃ 2። ግድግዳው በየት በኩል እንደሆነ ይለዩ

እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ብዙ አትርቅም። በሚያዝያ መጀመሪያ እና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት በቀትር ቀጥ ብላ ከላይ ትቆማለች፤ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል ባለው የክረምት ወገን በትንሹ ወደ ሰሜን፣ በቀረው የበጋ ወገን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በጣም ወደ ደቡብ የምታዘነብለው በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ እንኳን በቀትር ከፍታዋ 59 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህ በሜትር ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግድግዳ 6 ሜትር ነው እንበል፤ መሬቱም ሜዳ ይሁን።

- ግድግዳው ከእርስዎ ደቡብ ከሆነ፦ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ወደ ግቢዎ የሚገባው 3 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።
- ከእርስዎ ሰሜን ከሆነ፦ በሰኔ ቀትር ወደ 1 ሜትር ከ70 ብቻ ነው።
- ከእርስዎ ምሥራቅ ከሆነ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ወቅቱ ከ10 እስከ 14 ሜትር ገደማ ይዘልቃል።

የሚጎዳው የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ነው ማለት ነው። የምሥራቁ ማለዳን፣ የምዕራቡ ከሰዓት በኋላን ይወስዳል። በደቡብ ግድግዳ ተናደው ወደ እኔ የመጡ ሰዎች ጓሯቸውን ስንለካ የማለዳውን ብርሃን የሚጋርደው የራሳቸው አቮካዶ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ይህ ያሳፍራል፤ ቢሮ ሄደው ከሚያፍሩ ግን ጓሮ ውስጥ ማፈር ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ደግሞ በሰዓት ልስጥ። ግቢዎ ከምሥራቁ ወሰን እስከ ቤትዎ ግድግዳ 5 ሜትር ነው እንበል። በመጋቢት አጋማሽ፣ ወሰኑ ላይ 2 ሜትር አጥር ብቻ ሲኖር፣ ፀሐይ የቤትዎን ግርጌ የምትነካው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። በአጥሩ ምትክ 6 ሜትር ግድግዳ ሲቆም 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በግቢው መሃል ላይ ደግሞ ከ3 ሰዓት ከሩብ ወደ 5 ሰዓት ያልፋል። በርበሬ ወይም ጀንፈል ቡና ለሚያሰጣ፣ ብቅል ለሚያደርቅ ሰው ሁለት ሰዓት ቀላል አይደለም።

ደረጃ 3። ጥላውን ይለኩ

ደመና የሌለበት ቀን ይምረጡ። ክረምት ላይ አይሞክሩት፤ የጅማን ዝናብ ያውቁታል።

ሀ) በትሩን በሜዳ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ ያረጋግጡ።
ለ) የበትሩን ጥላ ይለኩ።
ሐ) ወዲያውኑ የግድግዳውን ጥላ ይለኩ።
መ) የግድግዳውን ጥላ ለበትሩ ጥላ ያካፍሉ። በትሩ 1 ሜትር ስለሆነ የሚገኘው ቁጥር የግድግዳው ከፍታ በሜትር ነው። የበትሩ ጥላ 80 ሴንቲ ሜትር፣ የግድግዳው 4 ሜትር ከ80 ቢሆን ግድግዳው 6 ሜትር ነው።

የተለመደ ስሕተት፦ የግድግዳውን ጥላ ከግድግዳው ላይ በቀጥታ ወደ ፊት መለካት። መለካት ያለበት የበትሩ ጥላ በተኛበት አቅጣጫ ነው። አለበለዚያ ቁጥሩ ያንሳል፤ ያነሰ ቁጥር ደግሞ የሚጠቅመው ጎረቤትዎን ነው።

ፀሐይ ካልወጣች ብሎኬት ይቁጠሩ። የብሎኬት ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከነማያያዣው ሲሚንቶ አንዱ ረድፍ 21 ገደማ ይሆናል። 14 ረድፍ ማለት 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ግንበኛ ሳይጠይቁ፣ አጥር ሳይሻገሩ፣ ከመስኮትዎ ሆነው የሚሠራ ልኬት ይህ ነው።

ከዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በየሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በኖራ ያስምሩና ሰዓቱን አጠገቡ ይጻፉ። ማታ ላይ መሬቱ ላይ የሚቀረውን መስመር ፎቶ ያንሱ፤ ከአሥር ገጽ አቤቱታ በላይ ይናገራል። ጅማ ላይ ጥላ በጣም የሚያጥረው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ነው። «ቀትር ላይ ለካሁ» ብለው ሲጽፉ ይህን ያስታውሱ።

ደረጃ 4። ወሰኑን በካርታ ያረጋግጡ

ከወሰን የሚተወው ርቀት የሚቆጠረው ከአጥሩ ሳይሆን ከወሰኑ ነው። አጥር ይሄዳል። ቆርቆሮ ሲታደስ አንድ ክንድ ይገፋል፤ የቁልቋል አጥር ደግሞ በራሱ ይወፍራል። ስለዚህ ካርታዎ ላይ ያለውን የጎን ርዝመት ይዘው ከቤትዎ የማይነቃነቅ ጥግ ተነሥተው ይለኩ። የካርታው ቁጥርና መሬቱ ካልተስማሙ ክርክር ሳይጀምሩ ከከተማው የመሬት ቢሮ ቀያሽ ይጠይቁ።

ጣሪያውንም አይርሱ። ግድግዳው ርቀቱን ጠብቆ የጣሪያው ጠርዝ ሊያልፍ ይችላል። በራስዎ ግቢ ቆመው ሲባጎውን በወሰኑ መስመር አናት ላይ በቀጥታ ያንጠልጥሉና ወደ ላይ ይመልከቱ። የቆርቆሮው ጠርዝ ከሲባጎው ወደ እርስዎ ወገን ካለፈ የጎረቤት አሸንዳ ውኃውን ግቢዎ ውስጥ ሊያፈስ ነው። ይህ እንደ ጥላው አይደለም፤ ለማሳየትም ለማስተካከልም ይቀላል። ብዙ ጊዜ ንግግር የሚከፍተውም ይኸው ነው።

ደረጃ 5። ሶሌታ ሳይሞላ ይነጋገሩ

አሁን ወረቀትዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው ወደ ጎረቤት ይሂዱ። ሠራተኞች ባሉበት፣ በሙሌት ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት አይሂዱ፤ ሰውየው በግንበኞቹ ፊት ማፈግፈግ አይችልም። አመሻሽ ላይ፣ ቤቱ፣ ቡና ሲፈላ ይሻላል።

አጀማመሩ ለውጥ ያመጣል። «ማን ፈቅዶልህ ነው?» ያለ ሰው በዚያው ምሽት በሩን ዘግቶበታል። ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት እናት የጀመሩት እንዲህ ነበር፦ «ሐጂ፣ ለዚህ ያበቃዎ አላህ ይመስገን፤ ልጆችዎን ሰብስበው ይኑሩበት። እኔ የመጣሁት ስለ በርበሬዬ ነው።» ሰውየው ሣቁ። ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ።

ንድፉ ሲዘረጋ የሚጠየቀው «አቁሙልኝ» አይደለም። የሚለወጥ ነገር ይጠይቁ፦

- በእርስዎ ወገን ያለው የላይኛው ፎቅ ወደ ውስጥ ገባ እንዲል። አንድ ሜትር ወደ ኋላ መግባት የማለዳ ፀሐይን ቀድሞ ይመልሳል።
- የውኃ ታንከሩና የደረጃው አናት ወደ ሌላው ወገን እንዲዞር። ከግድግዳው በላይ ሌላ 2 ሜትር የሚጨምሩት እነዚህ ናቸው።
- የጣሪያው ዝንባሌ ወደ እርስዎ ወገን ዝቅ እንዲል፤ በዚያ ጎን የግድግዳው አናት ያጥራል። ይህን ካስለወጡ ግን አሸንዳውንና የውኃውን መውረጃ በእርሱ ግቢ ውስጥ እንዲያስቀር አብረው ይስማሙ።
- ወደ ግቢዎ የሚያይ መስኮት ከሰው ቁመት በላይ ከፍ እንዲል።
- ግድግዳው እንዲለሰንና ነጭ ቀለም እንዲቀባ። ጥላውን አያጠፋም፤ ክፍልዎ ውስጥ የሚገባውን ብርሃን ግን በጣም ይጨምራል።

ለምን ከሶሌታ በፊት? ኮለን ላይ የቆመ ፌሮ ይታጠፋል፤ ንድፍ በወረቀት ላይ ይለወጣል። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ እያንዳንዱ ለውጥ መዶሻና ብዙ ገንዘብ ነው፤ ሰው ለገንዘቡ ይሟገታል።

የተስማሙትን ይጻፉ። በሜትር ይጻፉ፦ «በምሥራቅ ወገን ያለው የመጀመሪያ ፎቅ ግድግዳ ከወሰኑ ይህን ያህል ሜትር ገብቶ ይሠራል።» ባለትዳር ከሆናችሁ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። «ብርሃን እንዳይከለክል ተስማምተናል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት አይቻለሁ። ማንም ሊለካው አይችልም፤ ስለዚህ ማንም አልፈጸመውም።

ደረጃ 6። ሽማግሌ

ንግግሩ ካልሠራ ሦስት ሽማግሌ ይምረጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ግንበኝነት ወይም አናጺነት የሚያውቅ ይሁን። ይህ ሰው ከሌለ ሽምግልናው በይቅርታ ያልቃል፤ ግድግዳው ግን እዚያው ይቆማል። ኦሮሚያ ውስጥ በአዋጅ ዕውቅና ያገኙ ባህላዊ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ በአካባቢዎ የት እንደሚሰየሙ ቀበሌውን ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሽማግሌ ላይ ሳሉ ግንባታው እንዲቆም በጽሑፍ ያስፈርሙ። ካልሆነ ቀጠሮ በቀጠሮ እየተተካ ሶሌታው ይሞላል።

ደረጃ 7። ለከተማው ግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጻፉ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ ግንባታ መጀመርን ከልክሏል፤ ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፍሏል፤ ከመሬት ወለል በላይ 12 ሜትር የሚያልፍ ሕንፃን ጥብቅ ክትትል ባለው በሦስተኛው ምድብ አስገብቷል። ፈቃድ ማለት ደግሞ «ገንባ» የሚል ባዶ ወረቀት አይደለም፤ የጸደቀ ንድፍ ነው። ሰውየው ፈቃድ ኖሮት ከንድፉ ውጭ እየገነባ ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው የማየው ይህን ነው፤ ለአንድ ወለል ፈቅደውለት ሁለተኛውን ያወጣል።

ስለዚህ ማመልከቻው ውስጥ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያስገቡ፦

«ከይዞታዬ በስተ ምሥራቅ እየተሠራ ላለው ግንባታ፦ አንደኛ፣ የግንባታ ፈቃድ ተሰጥቷል ወይ? ሁለተኛ፣ የተፈቀደው ስንት ወለልና ስንት ሜትር ከፍታ ነው? ሦስተኛ፣ በጸደቀው ንድፍ ከወሰኔ የተተወው ርቀት ስንት ነው? በቦታው ተገኝታችሁ እንድትለኩልኝ እጠይቃለሁ።»

ልኬትዎንና ፎቶውን አባሪ ያድርጉ። ስለ ፀሐይ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይበቃል። ስለ ጎረቤትዎ ጠባይ፣ ስለ ገንዘቡ ምንጭ፣ «ባለሥልጣን ያውቃል» ስለሚባለው ምንም አይጻፉ፤ ማስረጃ የሌለው ክስ የያዘ ማመልከቻ ወደ ታች ይቀበራል፤ አልፎም በእርስዎ ላይ ይዞራል።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ ያስጽፉ። በፍርድ ቤቱ አካባቢ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሮቹን ግን እርስዎ በሠንጠረዥ አድርገው ይስጧቸው፤ በሰው እጅ ሲገለበጥ 3.60 ወደ 36 ሲለወጥ አይቻለሁ።

ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። ያለ ማኅተም የተሰጠ ማመልከቻ አልተሰጠም ማለት ነው። መልስ ካልመጣ ያንኑ ቁጥር ጠቅሰው በድጋሚ ይጻፉ።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ለካው ብለው የጠሩት ባለሙያ የእርስዎንም ግቢ ያያል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ቤት፣ ወሰን ላይ የተጠጋ ማዕድ ቤት ካለዎት ጎረቤትዎ በመጀመሪያው ቀን ያሳየዋል። መጀመሪያ የራስዎን ይለኩ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ቤቱን ላከራየዎ አካል በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ወሰኑን የሚከራከረው እርሱ ነው።

ደረጃ 8። ፍርድ ቤት

ቢሮው ካላስቆመ ወይም ሥራው እየሮጠ ከሆነ ጠበቃ ያነጋግሩ። የሚያነጋግሩት ስለ ሦስት ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ነው፤ ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ማለት ነው። በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ክሱ ይታገዳል። በደረጃ 1 የከፈቱት ደብተር እዚህ ይጠቅማል። ወሰን የገፋ ግድግዳ ወይም ግቢዎ ውስጥ የሚያፈስ ጣሪያ ለዚህ ክስ ግልጽ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር 1225 ነው። ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ የሚዘረዝራቸው ግን ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ናቸው። ጥላ በስሙ አልተጠራም። ክሱ በጥላ ብቻ እንዳይቆም የምወተውተው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154፣ ጊዜያዊ እግድ፣ ነው። ክሱ እስኪወሰን ግንባታው ባለበት እንዲቆም ይጠየቅበታል። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ካልተጠየቀ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ብሎኬት ማፍረስ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ማገድ፣ ሠራተኛ ማባረር አይሞክሩ። ከሳሽ ሆነው የሄዱበት ጉዳይ ተከሳሽ አድርጎ ይመልስዎታል።

ደረጃ 9። ግድግዳው ሕጋዊ ከሆነ

ፈቃድ አለው፣ ርቀቱን ጠብቋል፣ ከንድፉ አልወጣም እንበል። ያኔ ክርክሩ አልቋል፤ ብርሃን ፍለጋው ወደ ራስዎ ቤት ይዞራል።

የጨለመው ክፍል ጣሪያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ያስገቡ። ከጎኑ ካለው ቆርቆሮ ጋር ሞገዱ አንድ ዓይነት ካልሆነ ውኃ ያስገባል፤ ስለዚህ ሲገዙ የቤትዎን ቆርቆሮ ቁራጭ ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ኮርኒስ ካለዎት ከፕላስቲኩ ስር ያለው የኮርኒሱ ክፍልም ይከፈት፤ ጣሪያውን ብቻ አብርተው ኮርኒሱን የረሱ ሰዎች አሉ።

የማስጫ ቦታውን ይቀይሩ። የደረጃ 3 የኖራ መስመሮች ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበትን ጥግ ያሳዩዎታል፤ የማስጫውን አልጋ እዚያ ያኑሩ፣ ከመሬትም ከፍ ያድርጉት፤ በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ጥላው ቀድሞ ይለቅቃል፣ አየርም ከስር ይገባል። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወጥሩት፤ ግድግዳው በምሥራቅ ከሆነ ሙሉው ገመድ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ያገኛል።

በጥላው ወገን ያለው የቤትዎ ግድግዳ ጭቃ ከሆነ ግርጌው ላይ እርጥበት መቆየት ይጀምራል። ከሰኔ በፊት ከግርጌው ፈሰስ የሚል ቦይ ይቆፍሩ፤ ልስኑ የተነሣበትን ይጠግኑ፤ አልጋና ቁም ሣጥን ከዚያ ግድግዳ አንድ ስንዝር ያርቁ።